የተፈረመበት መጽሐፍ ፍልሰት፦ ከዓለም ባንክ የቀረበ ጥናት

መነሻ፦ ይህ ጥናት የደራሲ ፊርማ ያረፈባቸው አንደኛ ዕትም የአጭር ልቦለድ መድብሎች ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሚፈልሱ ይመረምራል። የተካሄደው በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዓለም ባንክ፣ በአጥኚው ሳሎን ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ባንኩ ገንዘብ ካበደረበት የቤቶች ፕሮጀክት ነው። ከብድር መወለዱ ለጥናቱ ያለው ፋይዳ ወደ ኋላ ይታያል።

ናሙና፦ አሥራ አንድ መጻሕፍት ተመርጠዋል፤ የተመረጡትም ያሉት እነሱ ብቻ ስለሆኑ ነው። የፋና ወጊው የታደሰ ሊበን «መስከረም» (1949 ዓ.ም.) በበጀት ምክንያት አልተካተተም። የአዳም ረታ «ማኅሌት» (1981 ዓ.ም.) አለ፤ ፊርማ ግን የለበትም። ደራሲው ለረጅም ዓመታት ካናዳ ኖሯል፤ አጥኚው ደግሞ ከአየር ጤና ማዶ የሚሻገረው ሲቸግረው ነው።

የዕትም ጥያቄ፦ መጽሐፍ በስርቆት የሚያባዙ ሰዎች ለታሪክ ታማኝ ናቸው፤ «አንደኛ ዕትም» የሚለውንም ሳይዘሉ ያባዙታል። ስለዚህ ተወዳጅ መጽሐፍ ሁልጊዜ አንደኛ ነው። ካፌ በር ላይ መጻሕፍት እስከ አገጩ የደረደረ አዟሪ ይህንኑ አረጋግጧል።

«ኦርጅናል ነው ጋሼ!»

«ፊርማስ አለው?»

«የማንን ፈለጉ?»

የፊርማ ጠባይ፦ ወመዘክር አዳራሽ ምረቃ ሲኖር ሰልፍ ይያዛል። ደራሲው ቀና ሳይል «ለማን ልበል?» ይላል። ስም ይነገረዋል። «በአልፋው ነው በዓይኑ?» ብሎ ያጣራና «ለወዳጄ» ብሎ ይፈርማል። ወዳጅነቱ ተጀምሮ እስኪያልቅ ከኋላ ያለው ሰው አንዴ ያስላል።

ታሪካዊ ዳራ፦ በብራናው ዘመን መጽሐፍ የሰረቀም የፋቀም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዝ ነበር። ሆኖም የባለቤቱ ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የገባባቸው ብራናዎች ዛሬም አሉ። ውግዘት ያላስቆመውን እጅ «ለወዳጄ» አያስቆመውም። የዘመኑ ፋቂ ጥቁር ማርከር ይጠቀማል። በናሙና ቁጥር አራት ላይ «ለወዳጄ ለ» ከሚለው ቀጥሎ ጥቁር መስመር አለ። ገጹ ተገልብጦ በጣት ሲዳሰስ ግን እስክሪፕቶው ያጎደጎደው ስም ይነበባል። የአጥኚው ስም አይደለም።

ግኝት፦ የተፈረመበት መጽሐፍ ከባለቤቱ የሚለየው በሞት፣ በስደት ወይም በውሰት ነው። ከሞት የተረፈ ወራሽ ያገኛል፤ ከስደት የተረፈ ዘመድ ቤት ይቀመጣል። በውሰት የሄደ ግን አይመለስም፤ ተበዳሪው ከስድስት ወር በኋላ የገዛው ይመስለዋል፤ ከዓመት በኋላ ዋጋውን ሳይቀር ያስታውሳል።

ያጋጠመ ችግር፦ ጥናቱ ሊጠናቀቅ ሲል አንድ ጎረቤት ቡና ተጠርተው መጡ። መደርደሪያው ፊት ቆመው ናሙና ቁጥር ዘጠኝን አወጡ።

«ይቺ እኔም ቤት ነበረች። አስፈርሜባት ነበር። ከየት አገኘሃት?»

«አዟሪ ነው ያመጣልኝ፣ ጋሼ።»

መልሱ ሐሰት የለበትም። መጽሐፍ ከቤት ቤት የሚያዞር ሁሉ አዟሪ ነው፤ ከሳቸው በር እስከዚህ ያዞራት ደግሞ አጥኚው ራሱ ነው። መነጽራቸውን ስላልያዙ የመጀመሪያውን ገጽ ሳያነቡ መለሷት።

ምክረ ሐሳብ፦ ጥናቱ ይቀጥላል። ለዚሁ ሥራ አንድ ጥቁር ማርከር ተገዝቷል።