ሰኔና ብርድ ልብስ

አማርኛችን ይህን ዕቃ «ብርድ ልብስ» ብሎ ሲሰይመው ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ጆሃንስበርግ ከገባሁ በኋላ ነው። የዝናብ ልብስ ሰው ለዝናብ የሚለብሰው ነው፤ የሥራ ልብስም ሰው ለሥራ የሚለብሰው። የእኔ የመጀመሪያ ብርድ ልብስ ግን ብርዱ ራሱ የሚለብሰው ነበር። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ኩርምት ብዬ ስንቀጠቀጥ፣ እሱ መሀል አልጋ ላይ ተንጋሎ፣ ተከናንቦት ያድራል።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ከአገር ስወጣ «አፍሪካ ውስጥ ለምትሄደው ካፖርት ምን ያደርግልሃል?» ብለው ሲመክሩኝ ሰምቼ ካፖርቴን ለታናሽ ወንድሜ አወረስኩት። በሂሳብም አስልቼው ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ አላት፤ ጆሃንስበርግ 1,750 ሜትር ገደማ ናት። ስለዚህ ከደጋ ወደ ወይና ደጋ እየወረድኩ ነው አልኩ። ከምድር ወገብ 26 ዲግሪ ወደ ደቡብ መራቄን ግን ሂሳቡ ውስጥ አላስገባሁትም።

እኛ ዘንድ ክረምት ማለት ዝናብ፣ ጭቃና የተጠበሰ በቆሎ ነው። እዚህ ክረምቱ ጠብታ የለውም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሰማዩ እንደ መስከረም ጥርት ብሎ ይውላል፤ ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ ስታባብልህ ቆይታ አመሻሽ ላይ ቃሏን ታጥፋለች። ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ቤቶቹ ደግሞ ክረምት የሚባል ነገር በሕይወቱ ሰምቶ በማያውቅ ግንበኛ የተሠሩ ይመስላሉ። የተከራየነው የቤዝ ቫሊ ቤት ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ለቅዳሴ የሚበቃ ከፍታ ያለው፣ የጣውላ ወለሉ በየመጋጠሚያው ነፋስ የሚያፏጭበት ነው። ሐምሌ ላይ እንግዳ ሲመጣብን «ደጅ ወጥተን እንሙቅ» እንላለን። እውነታችንን ነው።

የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ የሰጠኝ የሆሳዕና ልጅ የሆነው ጓደኛዬ ነው። ጄፔ ላይ ሱቅ አለው። መንገዱ አሁን በይፋ የሚጠራው በራሂማ ሙሳ ስም ነው፤ በ1956 እ.ኤ.አ. ወደ ፕሪቶሪያ የተደረገውን ታላቁን የሴቶች ሰልፍ ከመሩት አንዷ ናት። ሐበሻው ግን እስካሁን ጄፔ ነው የሚለው፤ ፒያሳን ፒያሳ ማለት እንዳልተወው ሁሉ። ጓደኛዬ ሱቅ ከመክፈቱ በፊት ሦስት ዓመት ሎኬሽን ዞሯል። ሎኬሽን የምንለው የጥቁሮቹን መንደር ነው። ለአዲስ መጤው ሐበሻ ብርድ ልብስና ኮምፎርት ትከሻ ላይ ጭኖ፣ በር አንኳኩቶ፣ በዱቤ ሰጥቶ፣ ወር ሲሞላ ዕዳ መልቀም የተለመደ የሥራ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ስለ ብርድ ልብስ ሲናገር የሚናገረው ከትከሻው ነው።

የሰጠኝ ሚንክ የሚሉትን ነው። ስሙ የእንስሳ ስም ይሁን እንጂ ምንም እንስሳ አልነካውም፤ ፖሊስተር ነው። ትልቅ ነብር ተስሎበታል። ለስላሳ ነው፣ አይካድም። ግን መጀመሪያ ያልብሃል፣ ከዚያ ላቡ ይቀዘቅዝብሃል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ደግሞ በጨለማ ስትገልጠው ብልጭ ብልጭ፣ ጠሽ ጠሽ ይላል። መብራት በየፈረቃው በሚጠፋበት ዘመን በቤታችን አንዳች ብርሃን የሚሰጥ ነገር ቢኖር ይኸው ነብር ነበር።

አንድ ማታ ለባለቤቴ «ሱፍ ነው የሚያስፈልገን» አልኳት።

«የማን ሠርግ አለ?» አለች።

«የሚለበሰውን አይደለም የምልሽ።»

«ጾም ገና ነው እኮ፤ ግን ካማረህ ነገ እወቅጥልሃለሁ።»

አማርኛ ለሙሉ ልብሱም፣ ለጾሙ ፍትፍትም፣ ለበግ ጸጉሩም አንድ ቃል ሰጥቶ እኛን ሊያጣላ ተነስቷል። በመጨረሻ «የበግ! የበግ!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤታችን የሰማው እንደሆነ ሐበሾቹ በሌሊት ሊያርዱ ነው ሳይል አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ተማርኩ። የበግ ጸጉር የተጠማዘዘ ነው፤ በየጥምዝማዙ አየር ይይዛል፤ የሚያሞቅህ ያ የተያዘው አየር ነው። የክብደቱን ሲሶ የሚያህል እርጥበት ጠጥቶ እንኳን እጅህን አያርሰውም፤ ለዚህ ነው የማያልብህ። ጥሩውን ከመናኛው ለመለየት መለያ ጽሑፉን ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ባለ ጥቅል ክር ቅርጹ የዉልማርክ ምልክት ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። እኔን የማረከኝ ግን የእሳቱ ፈተና ነው። አንድ ክር መዝዘህ ታነድዳለህ። ሱፍ ከሆነ እየተንጣጣ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቅ ራሱ ይጠፋል፣ አመዱ በጣት ይፈርሳል። ፖሊስተር ከሆነ እንደ ላስቲክ ቀልጦ ደረቅ እንክብል ይሆናል። ይህን ፈተና ሱቅ ውስጥ ልሞክር ላይተሬን ያወጣሁ ዕለት ግን ዘበኛው አጠገቤ የደረሰበት ፍጥነት ከዚያ ወዲህ መለያ ጽሑፍ አንባቢ አድርጎኛል።

ትክክለኛውን ያገኘሁት መሀል ከተማ፣ ዳያጎናል ስትሪት ነው። ሱቆቹ የባሶቶ ብርድ ልብስ ደጃፋቸው ላይ ይሰቅላሉ። ጋቢ ለብሶ ላደገ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ባሶቶዎቹ፣ የሌሶቶ ሰዎች፣ ብርድ ልብሱን አልጋ ላይ አይተዉትም፤ እንደ እኛው ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በመርፌ ቆልፈው ይወጣሉ። ታሪኩ ሲነገር በ1860 እ.ኤ.አ. አንድ ነጋዴ ለሌሶቶው ንጉሥ ለቀዳማዊ ሞሽዌሽዌ የፋብሪካ ብርድ ልብስ አበረከተላቸው፤ ንጉሡ ወደዱት፤ ንጉሥ የለበሰውን ሕዝብ ሳይለብስ አይውልምና የቆዳው ካባ ቀስ በቀስ ቀረ። የዛሬዎቹን የሚሠራው አራንዳ የሚባለው ፋብሪካ እዚሁ ከከተማዋ በስተምዕራብ ራንድፎንቴን ነው፤ ከጣሊያን የሱፍ ከተማ ከፕራቶ የመጣ ቤተሰብ በ1953 እ.ኤ.አ. አቋቋመው።

የተከበረው ዓይነት ሲያናማሬና ይባላል፤ በአለቆች መማል እንደ ማለት ነው። «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» ሲባል ለሰማ ሰው ስሙን ማስተርጎም አያስፈልግም። ባለ 1,800 ራንዱን ገዛሁ። ለባለቤቴ የነገርኳት ዋጋ ሌላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለብሼው ታክሲ ወረፋ ላይ ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ ባሶቶ ከላይ እስከ ታች አየኝና ራሱን ነቀነቀ።

«ንታቴ፣ ምን አጠፋሁ?» አልኩት። ንታቴ በእነሱ ቋንቋ አባት ነው፤ እንደ እኛ አባባ።

በብርድ ልብሱ ላይ የሚያልፉት ቀጫጭን መስመሮች ቆመው መለበስ አለባቸው አለኝ። እኔ አጋድሜያቸዋለሁ። መስመሩ ከቆመ ሰውየው ያድጋል፤ ከተጋደመ እድገቱ ይገታል። የሚገርመው መስመሩ ራሱ ጥንት በሽመና ስህተት የመጣ ነው ይባላል፤ ሰዉ ግን ወዶት ትርጉም ሰጠው። አልሳቅኩም። እኛስ የነጠላው ጥለት ወደ አንገት ሲወጣ ማን ሞተ ብለን አንጠይቅም? ይልቅ ቆጨኝ። በ41 ዓመቴ ቁመቴ ያልጨመረው በዚህ ምክንያት አይደለም፤ ንግዴ ግን አጠራጥሮኛል።

ልማዱ የጀመረኝ ከዚያ ነው። አንድ ሲያናማሬና ሁለተኛ ጠራ። አሮጌ ዕቃ መሸጫዎቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ማሰስ ያዝኩ፤ የሞቱ ባልቴቶች ቁም ሳጥን ሲራገፍ አርባ ዓመት የኖረ ሱፍ በትንሽ ብር ይወጣል። ቀጥሎ ሞሄር መጣ፤ እሱ የፍየል ነው፣ የአንጎራ ፍየል። ደቡብ አፍሪካ ዛሬ በሞሄር ዓለምን ትመራለች፤ አጀማመሩ ግን ለወግ የተፈጠረ ነው። በ1838 እ.ኤ.አ. ከቱርክ አሥራ ሁለት አውራ ፍየሎችና አንዲት እንስት በመርከብ መጡ። ቱርኮቹ ዘሩ እንዳይወጣባቸው አውራዎቹን ሁሉ አኮላሽተው ነበር የላኩት ይባላል። እንስቷ ግን አርግዛ ኖሮ መንገድ ላይ ወንድ ወለደች። አሥራ ሁለቱ ወንዶች ያልቻሉትን አንድ ግልገል ፈጸመው። ይህን ታሪክ ለባለቤቴ የነገርኳት ሦስተኛውን ሞሄር ይዤ የገባሁ ዕለት ነው። ሳቀች፤ ዋጋውን መጠየቅ ግን አልረሳችም።

አንዱን በሙቅ ውኃ ማሽን ውስጥ ከትቼ አጥፍቻለሁ። ባለ ሁለት ሰው ገብቶ የአሻንጉሊት ሆኖ ወጣ፤ ወፍሮ፣ ደርቆ፣ እንደ ኮርቻ ልብስ። ብልም አለ። የሱፍ ብል ፖሊስተር አይበላም፤ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ባለ ዋጋውን ብቻ መርጦ ይበሳል። ከእኔ ይሻላል፣ መለያ ጽሑፍ ሳያነብ ያውቃል። አሥራ አንደኛው ሲገባ ባለቤቴ እንዲህ አለችኝ፦ «አንተ ሰው፣ ወይ እነሱ የቤት ኪራይ ያዋጡ፣ ወይ አንተ ቁም ሳጥን ውስጥ እደር።»

በዚህ መሀል እማዬ ልትጠይቀን መጣች። እማዬ የመንዝ ሰው ናት። በልጅነቷ የበግ ጸጉር ሲሸለት ይዛለች፣ አባዝታለች፣ በእንዝርት ፈትላለች፤ ወንዶቹ ሸምነው ባናና በርኖስ አድርገውታል። ደብረ ብርሃን ላይ በ1950ዎቹ የሱፍ ፋብሪካ ሲተከል በጎቹ ያኔም ባለሙያ ነበሩ። እኔ ዓሥር ዓመት የተማርኩትን እሷ ከጡት ጋር ጠብታዋለች ማለት ነው። ስለዚህ ስብስቤን የማሳያት ቀን ናፈቀኝ።

ቀኑ ሐምሌ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ሆነ። ጆሃንስበርግ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ያልታየ በረዶ ጣለ። ሰኔ በሦስት ቀን አመለጠን እንጂ ሰኞስ ሰኞ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ስልኩን ይዞ ደጅ ወጣ። እማዬ በመስኮት አየችና «በረዶ አውቃለሁ፤ በረዶ ይመታል። ይሄ ጉልበት የለው፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ አብርቼ አሥራ አንዱንም ዘረጋሁላት። አንድ በአንድ ዳበሰች። ሲያናማሬናው ጋ ስትደርስ ሳልነግራት ክር መዘዘች፤ ሻማው ላይ አነደደች፤ አሸተተች።

«በግ ነው» አለች።

ኮራሁ። የኖቤል ሽልማት እንዲህ ሳይሰማ አይቀርም።

«ስንት ገዛኸው?»

ወደ ብር ቀይሬ ነገርኳት። ባለቤቴም በዚያው እውነተኛውን ዋጋ ሰማች።

«ልጄ፣ በዚህ ብርማ በጉን ከነነፍሱ ትገዛው ነበር» አለች እማዬ።

በምርጡ ሞሄር አልብሻት፣ ሲያናማሬናውን ደርቤላት ተኛሁ። ጠዋት ቡና ላፈላላት ስገባ ሁለቱም ተጣጥፈው ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። እማዬ በጓደኛዬ ነብር ተጠቅልላ ተኝታለች፤ የነብሩ አፍንጫ አገጯ ላይ ነው።

«እማዬ! ሱፉስ?»

«ይከብዳል፤ ይኮሰኩሳል። ዕድሜዬን ሙሉ ባና ተሸክሜ ኖሬ እዚህም መጥቼ በግ ልሸከም? ይሄ ለስላሳ ነው። ሌሊት ደግሞ መብራት አለው።»

የሆሳዕናው ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ለሳምንት ሳቀብኝ። ልትሄድ ሲቃረብ «እማማ፣ ይህቺን ለጎረቤት» ብሎ ሁለት ጨመረላት፤ አንዱ አንበሳ፣ አንዱ ጽጌረዳ። እኔ ሳታየኝ ሲያናማሬናውን ሻንጣዋ ሥር ከተትኩላት።

ኦ አር ታምቦ አየር ማረፊያ ሻንጣው ሚዛን ላይ ሲወጣ ከተፈቀደው በአራት ኪሎ አለፈ። እማዬ አጎንብሳ ከፈተችው። ነብሩን ነካች፣ አንበሳውን ነካች፣ ጽጌረዳውን ነካች። ከሥራቸው ሲያናማሬናውን ጎትታ አወጣችና ትከሻዬ ላይ ጣለችው።

«አንተ ልበሰው፤ ይበርድሃል።»

ወረፋው ውስጥ ቆሜ መስመሩን አቃናሁት።