ምረጡና ገላግሉኝ!

የልጅ ልጄና ሁለት ጓደኞቹ ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው መጡና፣ ለሉማሜ እህል ነጋዴ የጤፍ ሒሳብ መያዣ ፕሮግራም እንሠራለን ብለው ጓዳዬን ያዙ። በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በአንድሮይድ ስልክም ይሠራል አሉ። መረቅኋቸው። ፕሮግራሙ እስካሁን አንድ ኩንታል ጤፍ አልመዘገበም! የጻፉትን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጠውን መሣሪያ፣ «ቢልድ ሲስተም» የሚሉትን ነገር፣ ገና እየመረጡ ነው።

የልጅ ልጄ ሜክ ይሁን ይላል። ሜክን ስቱዋርት ፌልድማን የተባለ ሰው በ1976 እ.ኤ.አ. ቤል ላብስ ሆኖ ነው የሠራው። ትእዛዝ ያለበት መስመር በታብ ካልጀመረ እምቢ ይላል፤ በስፔስ ቢጀምሩት አይሰማም። ሰውዬው ነገሩ እንደማያምር ቶሎ ገብቶታል። ግን ያኔ ደርዘን የሚሆኑ ተጠቃሚዎች ነበሩት፣ አብዛኞቹም ወዳጆቹ፤ እነሱን አላስቸግርም ብሎ ተወው። የደርዘን ሰው ይሉኝታ ይኸው ሃምሳ ዓመት ገደማ ዓለምን ሲያስለቅስ ኖሮ፣ ዛሬ ጓዳዬ ገብቶ እኩለ ሌሊት ላይ ያስጮኻል። እኔ ደግሞ ይሉኝታ የጎጃም ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አንደኛው ጓደኛው ሲሜክ ይላል። «ምን ይሠራል?» አልኩት። «እሱስ ራሱ አይሠራም፣ አባባ። በዊንዶውስ ለቪዥዋል ስቱዲዮ፣ በሊኑክስ ለሜክ ወይም ኒንጃ ለሚባለው ሌላ መሣሪያ የሚሠሩበትን ፋይል ይጽፍላቸዋል» አለኝ። ምስለኔ ነው በለኛ! አያርስ፣ አያጭድ፤ ማዘዝ ብቻ።

ሁለተኛዋ ጓደኛው፣ ልጅቷ፣ ሜሶን ትላለች። አጻጻፉ ጥሩ ነው፤ እኔ እንኳ አንብቤው ገባኝ። ግን ፓይተን ካልተጫነለት አይነሳም፣ እሱም ሥራውን የሚያስረክበው ለዚያው ለኒንጃ ነው። የዚህ ኒንጃ ጉልበት ግን ያሳዝናል።

አንድ ማታ ደግሞ ባዜል የሚባል አነሱ፤ ጉግል ለራሱ ግዙፍ ኮድ ሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የለቀቀው። ለጤፍ ሒሳብ የጉግል መሣሪያ! ማውረዱ ብቻ የኢንተርኔት ፓኬጁን ጨረሰው፤ ፓኬጁን የምሞላ እኔ ነኝ። ልጅቷ ፎልደሩን በፊደላችን «ጤፍ» ብላ ብትሰይመው ደግሞ አንዱ መሣሪያ ማንበብ አቃተው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እኮ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው! በላቲን ጻፉትና ታለፈ።

ጠይቃችሁኝ ባታውቁም ፍርዴን ስሙ። ሲሜክን ያዙ። መልኩ አያምርም፣ ቅንፉ ይበዛል፤ ሆኖም ኬዲኢን የሚያህል የሊኑክስ ዴስክቶፕ አራተኛ እትሙን የሠራው በእሱ ነው፣ ቪዥዋል ስቱዲዮ ይከፍተዋል፣ አንድሮይድ ስቱዲዮም ለሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ይቀበለዋል። እናንተ የምትፈልጉት ሦስት ቤት ነው፤ ሦስቱንም ያውቃል። በሉ አሁን የኩንታሉንና የብሩን ሒሳብ ጻፉ፤ ነጋዴው ዛሬም በደብተር ነው የሚይዘው። ቡናም ከእንግዲህ ራሳችሁ አፍሉ።