የሙት ንጉሥ ጥቅስ

እኛ የእንቁጣጣሹን ዶሮ ወጥ ገና ሳናጋምስ፣ መስከረም 2 ቀን 1999 ዓ.ም. ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 16ኛ ጀርመን ውስጥ፣ በአንድ ወቅት ባስተማሩበት የሬገንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ስለ እምነትና አእምሮ ንግግር አደረጉ። መምህርን ጥቅስ ሲያምረው አይጣል ነው፤ ከ600 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተሻግረው፣ የቢዛንታይኑ ንጉሥ ማኑኤል 2ኛ ነቢዩ መሐመድን የነቀፈበትን ቃል መዘው አመጡ። ማኑኤል እንደሆነ ሞቷል፤ ተጠርቶ አይጠየቅ።

የንግግሩ ፍሬ ነገር እምነት በጉልበት አይጫንም የሚል ነበር። በጥቅሱ ከተቆጡ ሙስሊሞች መካከል ከአንዳንዶቹ ግን መልሱ በጉልበት መጣ። በፍልስጤሟ ከተማ ናብሉስ ተቀጣጣይ ነገር ከተወረወረባቸው መካከል የአንግሊካንና የግሪክ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ይገኙበታል። ሁለቱም ለሮም አይታዘዙም፤ ግሪኮቹማ ከሮም ጋር ከተኳረፉ ሺህ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እዚህ ግን ዳውላውም የሌላ ሰው አህያ ላይ የተጫነ ነበር።

መስከረም 7 ቀን ጳጳሱ እጅግ ማዘናቸውን ተናገሩ። በምን አዘኑ? ንግግራቸው በቀሰቀሰው ቁጣ። እግርህን ስለ ረገጥኩ ሳይሆን ስለ ጮህክ አዝናለሁ እንደ ማለት። ጥቅሱም የራሳቸው ሐሳብ እንዳልሆነ አስረዱ። እንግዳውን እጁን ይዘው ድግስ ካስገቡ በኋላ፣ ሲሰክር አላውቀውም ማለት ለካ ቫቲካንም አለ!

ኅዳር 21፣ እዚህ ጽዮን ማርያም ስትከበር፣ ጳጳሱ ኢስታንቡል በሚገኘው ሰማያዊው መስጊድ ጫማቸውን አውልቀው ከሙፍቲው ጎን በጸጥታ ቆሙ። ማኑኤልን ይዘውት አልገቡም።