«ሚኒሞውን ስቀለው!»

ጎበዝ፣ ስሙልኝማ! ፒካፗ ቆማ ስትዞር ተንፈራገጠች፤ ይሄ ጌታ እጁን እንኳ ሳያቆሽሽ ፈረደ፦ «ሚኒሞውን ስቀለው!» ምን አጠፋና ይሰቀላል? ክስ የለ፣ ምስክር የለ፣ ምርመራ የለ!

«ከፍ ስታደርገው መንቀጥቀጡ ይጠፋል» ይለኛል ደግሞ። ይጠፋል እንጂ መች ይድናል! ጥርሱን ያመመውን ሰው «ጮክ ብለህ ዝፈን፣ አይሰማህም» እንደማለት እኮ ነው። የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ ሲዞር የአየር መግቢያው ሊዘጋ ምንም አይቀረው፤ የመሳብ ኃይሉ የሚበረታውም ያኔ ነው። አንድ የቫኪዩም ቱቦ ከተሰነጠቀ ያልተጠራ አየር ሾልኮ ይገባና ድብልቁን ያሳሳዋል። ነዳጅ ስትሰጣት ቀጥ ትላለች። አንተም «ዳነች!» ብለህ ታጨበጭባለህ። የተቀደደው ቱቦው ነው፤ አንተ ምን ቤት ነህና አብረህ ትቀደዳለህ?

ይልቅ ፒንሳ አምጣ። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለህ ቆንጥጥ። የቱን ስትይዘው ነው ሞተሩ የረጋው? ሌባው እሱ ነው። ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄደው ወፍራሙ ሆኖ ከተገኘ ግን ወሬህንም መኪናዋንም አቁም! በሱ በኩል አየር ከገባ የፍሬን ፔዳሉ እየደነደነ ይመጣል። ይሄን ሸፍነህ የዓባይን በረሃ ቁልቁለት ልታስወርደን ነው? ሚኒሞው ከፍ፣ እኛ ዝቅ!

«ድሬዳዋ ደህና ነበረች፤ አዲስ አበባ ስትገባ ዓይን በላት» ይላል ጎረቤቱ። ዓይን አልበላትም፤ እሷ ናት ቤንዚን አብዝታ የበላችው! ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። አየሩ ሳስቷል፤ ካርቡራተሩ ግን በድሬዳዋ ልክ እየሰፈረ ነው። ካንዴላውን ፈተህ እየው። ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል። ከነጣ ሳስቷል። በዘይት ከራሰ የፒስተን ፋሻውን ጠርጥር። ካንዴላ ይናገራል፤ አንተ ታወራለህ።

«በቃ ሞተሩ ሞቷል፣ ይውረድ!» ኧረ አንተ ውረድ! ኮፈን ሳትከፍት ከፈን ትቆርጣለህ? ጋራዥ ነው የመጣነው፣ አራጅ ጋ አይደለም። ደረቅ ጓንት አጥልቅና የካንዴላ ገመዶቹን በየተራ ንቀል። ስትነቅለው ድምፁ ያልተለወጠበት ሲሊንደር፣ ሥራ ፈቱ እሱ ነው። ካንዴላውን ከጎረቤቱ ጋር አቀያይረው። ስንፍናው ከካንዴላው ጋር ከሄደ፣ አዲስ ካንዴላ ገዝተህ ተገላገልክ። እዚያው ከቀረ ኮምፕሬሽን ለካ። ስለ ቴስታታ የምናወራው ከዚያ በኋላ ነው።

«ናፍጣማ ቀላል ነው፤ የኖዝሉን ቱቦ አላልተህ ማዳመጥ!» በድሮዋ ሃይሉክስ፣ በሜካኒካል ፖምፓዋ፣ ሲሠራበት ኖሯል። ኮመን ሬይል በገባላት ዲ-ፎር-ዲ ላይ ግን እንዳትሞክራት! ግፊቱ ከ1,000 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ጣትህን ያስቆርጥህና ምላስህ ብቻ ይቀርልናል።

የሚኒሞ ብሎን የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቱቦው ታይቶ፣ ካንዴላው ተፈትሾ፣ ኮምፕሬሽኑ ተለክቶ። እስከዚያው ካቻቪቴውን ወዲህ በል።