ለሠርግ እንጂ ለሥራ ያልሆነች

የዛሬ ልጆች መኪና ሲመርጡ ወንበር ነው የሚያዩት። ወንበሩ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ወገብ ያሻል ይሉኛል። የኔ ወገብ የሚያመኝ መኪና ውስጥ ተቀምጬ አይደለም፤ ስወርድ ነው። ልጄ የገዛት የቅንጦት አውቶሞቢል ከመሬት የተጣበቀች ስለሆነች፣ በአንድ እጄ በሩን፣ በሌላው የልጄን ትከሻ ይዤ፣ «በስመ አብ» ብዬ መነሣት አለብኝ። እናቱማ አንድ ቀን እሑድ ጠዋት በሩ ነጠላዋን ነክሶባት፣ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በሚኒባስ ነው።

የመኪናዋን ስም አልጠራም። ሰፈራችን ውስጥ አምሳያዎቿ ስላሉ ከጎረቤት ጋር ምን አጣላኝ!

ቅንጦት አይወድም እንዳትሉኝ። እኔም በጉልምስናዬ ማርቼዲስ ነድቻለሁ፤ 240 ዲ። ያቺ ሞዴል ከነእኅቶቿ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በአሥር ዓመት ውስጥ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ተሠርታለች፤ በአገሯ በጀርመን ታክሲ ነበረች። ጉልበቷ 72 ፈረስ፣ ተርቦ የላትም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች፣ የሳሳው አየር ከዚያችው ጉልበት ላይ አንድ አምስተኛ ያህሉን ይቀንስባታል። እንጦጦን ስወጣ አህያ የሚነዱ ሰዎች ሰላም ብለውኝ አልፈውኝ ያውቃሉ። ቢሆንም ደርሳለች። ከአስፋልቱ እስከ ቸርኬዋ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ላስቲክ ነበራት። የልጄ መኪና ያላት አሥርም አይሞላ። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ የሚመታው ጎማው ሳይሆን ቸርኬው ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የልጄ ኪስ።

ትርፍ ጎማዋ የታለ ብዬ ኋላዋን ባስከፍት፣ የለም። «አባባ፣ ይሄ ጎማ አየር ባይኖረውም ይሄዳል» አለኝ። ስንት ይሄዳል? 80 ኪሎ ሜትር። ደብረ ብርሃን 130 ነው። ከተማውን ሳንለቅ ብትተነፍስ ቀሪውን 50 ማን ሊገፋው ነው?

ሞላም የላትም። በሞላው ፈንታ አየር የተሞላ የላስቲክ ከረጢት ገጥመውላታል፤ ላስቲኩ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ አየሩም ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይወጣል። ማታ ቀጥ ብላ የቆመች መኪና ጠዋት እንደ ግመል ተንበርክካ ትገኛለች። ሞተሩ ሲነሣ ኮምፕሬሰሩ እያጓራ ያነሣታል፤ እሱም ያለ ዕረፍት ሲሠራ ውሎ በተራው ይቃጠላል። ጋራዥ ስንወስዳት መካኒኩ እጁን ሳያቆሽሽ ኮምፒውተር ሰክቶ «ሴንሰር ነው» አለ። ሴንሰሩ ተቀየረ፤ መኪናዋ ግን ተንበርክካ ማደሯን አልተወችም። ዕቃው ከዱባይ እስኪመጣ ልጄም ከእናቱ ጋር ሚኒባስ ተጋፋ።

ይህ ሁሉ ግን ከሠርጉ አይብስም። ኧረ ሠርጉ! ጥር ሲብት ስልካችን አያርፍም፤ ከፋሲካ በኋላም እንደዚሁ። በዓመት አንዴ ያልጠየቀን ዘመድ ሁሉ «የልጅዎን መኪና ለሙሽሮቹ» ይላል። እምቢ ቢሉት ቂም፣ እሺ ቢሉት ቀለም ነው። አበባውን በፕላስተር ይለጥፉባታል፣ ፕላስተሩ ሲነሣ ቀለሟን ይዞ ይነሣል። ቪዲዮ ቀራጩ ጣሪያዋን አስከፍቶ፣ ያንን ወገብ የሚያሽ ወንበር ከነጫማው ቆሞበት ይውላል። የነዳጁን ነገር ያነሣ ዘመድ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። በኔ 240 ዲ ዘመን ለሠርግ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ጭሷ ሙሽራዋን ያጠቁራል ብለው ነው መሰል። ምንኛ ተከብሬ ኖሬ ኖሯል!

ጉልት ስንሄድም ሻጯ መጀመሪያ መኪናዋን፣ ቀጥላ እኛን ታያለች፤ የሽንኩርቱን ዋጋ የምትነግረን ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ማዶ አቁመን በእግር እንሻገራለን። ስፖኪዮዋንማ ሌሊት ፈትተው ወስደውት፣ በሌላ መኪና ዋጋ ሌላ ገዝተንላታል።

እዚህ ላይ ጃንሆይ ትዝ ይሉኛል። ሮልስ ሮይሱም ማርቼዲሱም ሞልቶ ሳለ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነው። ፖለቲካውን ለባለቤቱ ልተወውና፣ ቮልሷ ደርሳለች።

ልጄ አሁን ደግሞ ኤሌክትሪክ ልግዛ እያለ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ አማራጩም ጠቧል። ይግዛ፤ ለነዳጅ ከመሰለፍ ይገላገላል። ግን እንደገና ዝቅ ያለችውን፣ ያውም ባትሪው ሆዷ ሥር የተነጠፈውን መርጦልኛል! በሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ የሚቦጨቀው ከእንግዲህ ባትሪው ሊሆን ነው። የቅንጦት መኪና ልትገዙ ያማራችሁ ካላችሁ፣ አስቀድማችሁ ሻጩን ለምኑና በየቀኑ በምትመላለሱበት መንገድ፣ በክረምት፣ እናታችሁን ከኋላ አስቀምጣችሁ ንዷት። እናታችሁ ሳትራገም ከወረደች ግዙ።

የኛዪቱ ለሽያጭ ቀርባለች። ልጄ ለገዢዎች ወንበሩን ብቻ ነው የሚያሳየው። እኔ ግን ነፍስ አባት ስላለኝ እናገራለሁ፤ ትርፍ ጎማ የላትም፣ ሌሊት ትንበረከካለች፣ ለመጪው ጥርም ለሁለት ሠርግ ቃል ተገብቶባታል።