መብራት ሳይሄድ የጠፋው

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ አንድ ሠፈር አለ፤ መብራት መሄዱን የሚያውቀው በወፍጮው ነው። ወፍጮው ዝም ሲል ሁሉም «ሄደ!» ይላል።

ከወፍጮ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ባለቤት ግራ የተጋባው ለዚህ ነበር። ወፍጮው እየጮኸ፣ አምፖሉ ቦግ ብሎ ሳለ ኮምፒውተሩ ብቻውን ድርግም ይልና እንደገና ይነሳል። ማመልከቻ ሲተየብበት ሰላም ነው። የጉርድ ፎቶ ጀርባ ነጭ አድርግ ሲባል ግን ያኮርፋል።

መድኃኒት ያላዘዘ አልነበረም። አንዱ «ቫይረስ ነው» አለ፤ ፎርማት ተደረገ፤ የስንት ዓመት የማመልከቻ ናሙና አብሮ ሄደ። ሌላው ራሙን ነቅሎ በላጲስ ፈተገው (እውነቱን ለመናገር ፍትጊያ አንዳንዴ ይሠራል)። ሦስተኛው በወፍጮው አሳበበ። ሞተር ሲነሳ ቮልቴጅ ይጎትታልና ክሱ መሠረት ነበረው፤ ስታብላይዘር ተገዛ። እሁድ ወፍጮው ተዘግቶ ውሎ ኮምፒውተሩ አራት ጊዜ ጠፋ። ወፍጮው በነፃ ተለቀቀ።

ዊንዶውስም መዝገቡ ላይ «ከርነል ፓወር 41» ብሎ ጽፏል። ትርጉሙ «ሳልሰናበት ጠፍቻለሁ» ነው፤ ማን እንዳጠፋው አይናገርም።

በመጨረሻ ቴስተር የያዘ ልጅ መጣ። ፓወር ሳፕላዩን ፈትቶ በእጁ መዘነው። ጎኑ ላይ 500 ዋት ተጽፎበታል፤ ክብደቱ የአንድ ዳቦ ነው። አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ሲያገናኘው ማራገቢያው ዞረ።

«ይኸው ይሠራል!»

«ጋሼ፣ ማራገቢያ ማዞርማ ምን ይከብደዋል» አለና መልሶ ገጠመው። የቴስተሩን ጫፍ ቢጫው ሽቦ ላይ ሰክቶ «በሉ አሁን ፎቶ ይክፈቱ» አለ። 11.9። 11.2። 10.8። ድርግም! 12 ቮልት የሚሰጠው ይህ ሽቦ ከ11.4 መውረድ አልነበረበትም።

በቀዳዳው ባትሪ ሲያበሩ የካፓሲተሮቹ አናት ይታያል፤ ዝርግ መሆን ሲገባው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ባለቤቱ ካቻቢቴ ይዞ ሳጥኑን ሊከፍት ሲል ልጁ እጁን ያዘው። የገባው 220 ቮልት ውስጥ ሲደርስ ከ300 ያልፋል፤ ከሶኬት ተነቅሎም ትልቁ ካፓሲተር ለጊዜው ይዞት ይቆያል።

«ታዲያ አይጠገንም? የአባ ሳሙኤል የኃይል ማመንጫ እንኳ እዚሁ አቃቂ ወንዝ ላይ ስንት ዘመን ቆሞ፣ በ2009 ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት ሊያመነጭ ተነስቶ የለም እንዴ?»

«ጋሼ፣ ለእሱ ቻይናዎች መጡለት። ለዚህ ያለሁት እኔ ነኝ።»

አዲስ ተገዛ። ከባድ ነበር፤ በክብደትም በዋጋም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፎቶ መሀል ላይ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። ባለቤቱ አሁን ባለሙያ ነው። ካቻቢቴውን መዞ ከኋላ ያሉትን አራት ብሎኖች ይፈታ ጀመር። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ወረፋ የያዙ ሴትዮ ጣልቃ ገቡ።

«ልጄ፣ ወፍጮው ዝም አላለም እንዴ?»