የእትዬ ጌታ ዶሮ

ዛር ያለበት ቤት ተከራይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተከራይቼ አውቃለሁ። ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ቁልቁል ሲወረድ፣ ግቢው ጠበብ ያለ፣ ኪራዩ ደግሞ ለደመወዜ የሚራራ ቤት ነበር። አከራዬ እትዬ ደግ ሴት ናቸው፤ ቡና አፍልተው ሳይጠሩኝ አይጠጡም። ብቻ አልፎ አልፎ አንድ ጌታ ይመጣባቸዋል። ጌታው ሲመጣ አሪቲው ይጎዘጎዛል፣ ከርቤው ይጨሳል፣ እትዬ ያጓራሉ፤ ያን ጊዜ ኪራይ ያሳደረ ተከራይ ከዓይን ዞር ቢል ይሻለዋል።

እኔ ግን ዞር ሳልል አገኙኝ። «አንተ ልጅ፣ ማታ ጌታው ይመጣል። ገብስማ ቄብ ይዘህልኝ ና። ነጭ እንዳታመጣብኝ፤ ነጭ አይወድም።» ኪራይ ያለበት ሰው ምን ይላል? «እሺ እትዬ» አልኩ። በዛር ወግ ዛሩ የሰፈረበት ሰው «ፈረስ» ይባላል። እትዬ ፈረሱ ከሆኑ፣ ዘንቢል አንጠልጥዬ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ፒያሳ የወጣሁት እኔ ምን እንደምባል ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ፒያሳ ገና ሳትፈርስ ነው ይህ ሁሉ። ዶሮ ማነቂያ በሚባል ሰፈር ዶሮ ይዞ መዞር ለዶሮዋ ደግ ገድ እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ግን የወሰደኝ መንገድ እሱ ነበር። አንዱ ነጋዴ ጥግ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ግራጫ ከነጭ የተዥጎረጎረች ቄብ እግሯን ጠፍሮ ይዟል። «ገብስማ ናት?» አልኩት። «ጋሼ፣ ገብስማ ካልሆነች መልሳት!» አለኝ። የት አግኝቼው እንደምመልስለት አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሂሳቡን ከፍዬ ስሄድ እጄ ላይ አመድ ነገር ማየቴን አስታውሳለሁ። ጠረግሁት፣ አለፍኩ።

ቀጥ ብዬ ወደ ቤት ብሄድ ኖሮ ይህን ወግ አትሰሙም ነበር። ጃዝ ሲሰማ ምግብ የሚረሳ ወዳጄ መንገድ ላይ ጠለፈኝ። የጃዝ ኮንሰርት ትርፍ ቲኬት አለው፤ ማታ ሳይሆን አሁን ሊጀመር ነው፤ «አንድ ሙዚቃ ብቻ ሰምተህ ትሄዳለህ»። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴትዮ ብብቷ ውስጥ የነበረው ዶሮ ሳይሆን አይቀርም። በሩ ላይ ዘበኛው ዘንቢሉን ገለጥ አድርጎ አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ዘንቢሉን አየ። «እሷም ልትሰማ ነው?» «ዝም ብላ ትቀመጣለች» አልኩ። «ካንተ ትሻላለች» ብሎ አሳለፈን።

ወዳጄ ደግሞ ሙዚቃው እስኪጀመር የማይተርከው የለውም። ራስ ተፈሪ በፈረንጆቹ 1924 ኢየሩሳሌም ላይ አይተው ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ የባንዳቸው መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከዚያ በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ የመጣው ዱክ ኤሊንግተንና ሙላቱ አስታጥቄ። እኔ ግን ልቤ ዘንቢሉ ውስጥ ነው።

በእረፍቱ ሰዓት አጠገቤ የተቀመጠው ፈረንጅ ዶሮዋን አየ። የአይስላንድ ሰው ነኝ አለ። ወዳጄ እያስተረጎመ የእትዬን ጌታ ነገር አጫወትነው፦ ሔዋን 30 ልጆች ወልዳ ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ ቆንጆ ቆንጆዎቹን 15 ደበቀቻቸው፤ እሱም የተደበቁት ተደብቀው ይኖራሉ አለ፤ ዛሮቹ እነዚያ ናቸው። ፈረንጁ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እነሱም ዘንድ ሔዋን ልጆቿን ደብቃለች! ብቻ የነሱዋ የደበቀችው ቆንጆዎቹን ሳይሆን ገላቸውን ያላጠበቻቸውን ነው። ስውሮቹ ሰዎች ይሏቸዋል፤ ቋጥኝ ውስጥ ይኖራሉ፣ እነሱን ላለመንካት ብሎ መንገድ የሚጠመዝዝ መሐንዲስም አለ። (እኛ ዘንድ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል ዶሮ ማነቂያ ራሱ ተነሣ፤ ዛሮቹ ምትክ ቦታ ይሰጣቸው አይሰጣቸው የጠየቀ አልሰማሁም።) የጥንት አማልክታቸው አለቃ ኦዲንም ባርኔጣውን ደፍቶ፣ መንገደኛ ሽማግሌ መስሎ በሰው መሀል ይዞር ነበር፤ ለጥበብ ብሎ አንድ ዓይኑን ሰጥቷል። የእትዬ ጌታ ዓይን መስጠቱ ቀርቶ ዶሮውን እንኳ በሰው እግር ነው የሚገዛው።

ኋላ ሳነብ ደግሞ ከኔ የባሰ አገኘሁ። ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ ጸሐፊ ወደ አፍሪካ ካሳቡት ነገሮች አንዱ ጃዝ መሆኑን ራሱ ጽፏል። በፈረንጆቹ 1932 ጎንደር ገብቶ መልካም አያሁ የተባሉ የዛር አለቃ ቤት ለወራት ተመላለሰ፤ ሰይፉ ጨንገርን ከመሰለ ስመ ጥር ዛር ጋር ተዋወቀ፤ ለዛሮቹ የሚታረደውንም ገዛ። የጃዝ ጆሮ ያለው ሰው ለዛር ዶሮ መግዛት ዕጣው ነው መሰለኝ። እሱ ግን ቢያንስ መጽሐፍ ወጣው።

ከእረፍቱ በኋላ ሳክስፎኑ ድምፁን እያሳነሰ፣ እያሳነሰ ሄዶ ጸጥ አለ። አዳራሹ ትንፋሹን ያዘ። ያን ጊዜ ቄቧ ረጅም፣ ጥርት ያለ፣ ልክ ከሊቅ ጋር የተማከረችበት የሚመስል «ቋቅ» አሰማች። ቀድሞ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ያጨበጨቡም አሉ። እኔ ዘንቢሉን ላፍን ስጎነበስ ጠፍሯ ተፈትቶ ኖሮ አመለጠች። በወንበር ሥር ስድህ፣ «ይቅርታ እትዬ፣ እግርዎን አንዴ፣ ይቅርታ ጋሼ» እያልኩ፣ ከበሮው ሥር ደረስኩባት። ከበሮ መቺው ምቱን ሳያቋርጥ በእግሩ ወደኔ ገፋ አደረጋት። ውለታው አይረሳኝም።

ስንወጣ ዝናቡ ይወርዳል። ዘንቢል ክዳን የለውም። ግቢ ደርሼ ዘንቢሉን ስከፍት ከውስጥ ጥጥ የመሰለች ነጭ ዶሮ አየችኝ፤ አመዱ ሁሉ ታጥቦ ከዘንቢሉ ሥር ጭቃ ሆኗል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እኔን ለመጣል አንድ እፍኝ አመድ በቃ። ጌታው ደግሞ ከመጣ ቆይቷል። በእትዬ አፍ፣ በወፍራም ድምፅ፣ «ገብስማ ነበር ያልኩት!» አለ። እሱስ ይሁን፤ ጨምሮ ስለ ኪራዩም አነሣ። ዛር ኪራይ ያውቃል እንዴ ብዬ ልከራከር አልኩና ዝም አልኩ።

ነጯን ቄብ ጌታው አልነካትም፣ እትዬም አላረዷትም፤ እኔ ዘንድ ቀረች። እንቁላል ትጥላለች፣ ሬዲዮ ሲከፈት ትጮኻለች። እውነተኛ ገብስማ ያላችሁ ካላችሁ ለመለወጥ ዝግጁ ነኝ፤ ብቻ እኔ ባለሁበት በውኃ እናጥባታለን።